ሞተሩን የገጠመ ቀለሙን ይመርጣል

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ብዕር የለመደ እጅ የለኝም። የተማርኩት ትንሽ ነው፤ እሱም ቶሎ ጠፋብኝ። አንድ መስመር ጽፌ ሁለቱን እሰርዛለሁ። ሰው ቢስቅብኝ አልቀየምም፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ግን ይሄን ነገር የሚጽፍ ሌላ ሰው ሲጠፋ፣ ከሚቀር ብዬ ደፈርኩ። የጋራዥ በር ጠባቂ ነኝ። በር የሚጠብቅ ሰው ብዙ ያያል፣ ብዙም ይሰማል። ያላየሁትን ደግሞ ራሷ ባለጉዳይዋ ነግራኛለች። ስለ እኔ ይሄ ይበቃል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጋራዡ ልጀምር።

ጋራዡ ትልቅ አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ጥቁር ቆዳ የመሰለ መሬት፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ የተሰካበት የእንጨት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው የተሰቀሉ የብሎን መፍቻ ቁልፎች። አንዱ ቁልፍ ከጠፋ ቦታው ባዶውን ያፈጣል። ባለቤቱ ሁሉም ሰው «ጋሼ» የሚላቸው የሞተር ሰው ናቸው። ድምፁን ብቻ ሰምተው የሞተሩን በሽታ የሚናገሩ።

በዚህ ጋራዥ አንድ ወግ አለ፤ ሌላ ቦታ ሲሠራበት ሰምቼ አላውቅም። ሞተር ተፈቶ፣ በናፍጣ ታጥቦ፣ ሆድ ዕቃው እንደገና ከተገጠመ በኋላ፣ ክዳኑ ከመቀመጡ በፊት፣ ትልቁ ብረት ቀለም ይቀባል። ብሎኩን ማለቴ ነው። ለውበት አይደለም። የመኪና ሞተር ሲያደንቅ የሚውል ማን አለ? ቀለሙ የገጠመው ሰው ምልክት ነው። የጋሼ አረንጓዴ ነው። የሟች ወንድማቸው ግራጫ ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ መኪናው ታሞ ሲመጣ የፊት ሽፋኑ ይነሳና «ይሄማ የእገሌ እጅ ነው» ይባላል። ምስጋናውም ስድቡም ወደ ቀለሙ ባለቤት ይሄዳል። ሞተሩን የገጠመ ቀለሙን ይመርጣል። ይሄ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ግን አፍርሶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አልነበረም አልኩ እንጂ፣ በኋላ ፈርሷል። ያፈረሱት ደግሞ ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

ጋሼ አንዲት ልጅ አለቻቸው። በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ብሎን» ነው የምትባለው። ዳዴ ስትል ጀምሮ ከመሬት ብሎን እየለቀመች ወደ አፏ ስትከት ነው ያደገችው፤ ስሙ ከዚያ ቀረባት። አሁን ሙሉ ሴት ናት። ቱታዋ ከጉልበቱ ላይ የተጣፈ፣ ፀጉሯ በጨርቅ የታሰረ፣ ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር በምንም ሳሙና የማይለቅ። ሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ከተናገረች ግን ያገኘችውን ነው የምትለው፤ ለማንም አታሳምርም።

የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰነባብቷል። መጀመሪያ ሻይ ሲያነሱ ነበር፤ ኋላ ካቻቢቴ ሲይዙ መጣ። ማንም አላወራውም። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ሥራው ግን ቀስ እያለ ወደ ብሎን ዞረ። ፒስተን ማስገባቱም፣ ጥቃቅኑን ማሰሩም፣ ልኩን መለካቱም የሷ ሆነ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው «አጥብቂ፣ ተይ፣ በቃ» ይላሉ፤ እሷ ትገጥማለች። ከጊዜ በኋላ «አጥብቂ» ማለቱንም ተዉት፤ ከማለታቸው በፊት ታጠብቀዋለችና። ሞተሩ ሲያልቅ ግን የሚቀባው አረንጓዴ ነው።

«አባዬ፣ ይሄን እኮ እኔ ነኝ የገጠምኩት» ትላለች።

«አውቃለሁ። አሁን ደንበኛ እንዳይደነግጥ ነው። የሚቀጥለው በራስሽ ቀለም ይሆናል።»

የሚቀጥለው ይመጣል፣ አረንጓዴ ተቀብቶ ይወጣል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ብሎን ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ዝም ያለ ሰው ግን ተስማማ ማለት አይደለም።

አንድ ቀን ባለታክሲው መጣ። ይሄ ሰው ሁለት መኪና አለው። የአንደኛው ሞተር እዚሁ ተሠርቶ በአረንጓዴ ወጥቷል፤ በሄደበት ሁሉ «የጋሼ እጅ የተባረከ ነው፣ ሞተሬ እንደ ሕፃን ነው የሚተነፍሰው» እያለ ያወራል። የዚያን ሞተር ሆድ ዕቃ የገጠመች ማን እንደሆነች የምናውቀው እናውቃለን። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን መኪና እየጎተተ አመጣው። ብሎን ሞተሩን ፈታች፣ አጠበች፣ ያረጀውን ቀየረች፣ ገጠመች። ጋሼ በዚህኛው ሥራው እስኪያልቅ ከወንበራቸው አልተነሱም፤ አንድም ጊዜ አላረሟትም። ሥራው ሲያልቅ በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰስ አደረጉና፣

«በይ እንግዲህ፣ ቀለምሽን ምረጪ» አሏት።

እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ብሎን ቱታዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ቀለም ቤት ሄደች። እየሮጠች ነበር ብል አልዋሸሁም። የቀለም ቤቷ ሴትዮ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፈኛ ናት። ብሎንን ስታይ ጎንበስ ብላ የለመደችውን ጣሳ አነሳች።

«የአባትሽን አረንጓዴ ነዋ?»

«የአባቴን ማን ጠየቀሽ?»

«ኧረ ቀስ በይ! እኔ ቀለም ሻጭ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ለምንድን ነው የፈለግሽው?»

«ለሞተር ነው። ሙቀት የሚችለውን። ያለሽን ሁሉ አውጪው።»

ሴትየዋ ጣሳዎቹን ደረደረች። ብሎን የእያንዳንዱን ጠብታ የካርቶን ቁራጭ ላይ እያስቀባች አየች። ብርቱካናማው የጋዝ ሲሊንደር መሰላት። ሰማያዊውን «የመጸዳጃ ቤት በር ነው» ብላ ገፋችው። ቀዩ ደስ ብሏት ነበር፤ ኋላ ስታስበው ግን ቀይ የተቆጣ ሰው ቀለም ነው፣ ተቆጥታ መግጠሟን ማንም እንዲያውቅ አልፈለገችም። ጥቁሩን አልነካችውም።

«ጥቁር እኮ ጥሩ ነው፣ ቆሻሻ ይችላል» አለች ሴትየዋ።

«ቆሻሻ ይደብቃል በይኝ። ነጩን አምጪው።»

«ነጭ? ለሞተር? ልትድሪው ነው እንዴ?»

«ዘይት ከተፋ ይታይ» አለች ብሎን። «አንዲት ጠብታ ብትወጣ ከየት እንደወጣች ይታይ። እኔ የምሸፍነው የለኝም።»

ሴትየዋ ሳቋን አቆመችና ጣሳውን በጨርቅ ጠርጋ ሰጠቻት። «አቤት ድፍረት» አለች።

ብሎን ነጩን ጣሳ አቅፋ ስትመለስ ባለታክሲው መጥቶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ የምንለው፣ አንዲት አሮጌ መኪና ውስጥ ተጋድሞ እግሩ ብቻ ውጭ ነው።

«ጋሼ፣ አደራ እንግዲህ» ይላል ባለታክሲው፣ «አረንጓዴ ነው አይደል? እኔ እርስዎን አምኜ ነው። ያለ አረንጓዴ መኪናዬን አልወስድም።»

«አረንጓዴ ነው» አሉ ጋሼ። «ከአረንጓዴ ሌላ ምን አለ?»

ይሄን ሲሉ ልጃቸው ከኋላቸው ቆማለች። በእጄ ምልክት ልሰጣቸው ብዬ ነበር፤ አልደረስኩም።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የምሰማው?»

ጋሼ ዞር አሉ። «መጣሽ? ሰውየው አረንጓዴ ይሁንልኝ አለ። ምን ላድርገው፣ ደንበኛ ነው።»

«ደንበኛ ቀለም አይመርጥም። የገጠመ ነው የሚመርጠው። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

ባለታክሲው በእጇ ያለውን ጣሳ አየና ፈገግ አለ። «ምንድን ነው እሱ፣ ነጭ? እህቴ፣ እኔ ያለኝ ታክሲ ነው፣ አምቡላንስ አይደለም።»

ከመኪናው ውስጥ የሽቦ ድምፅ መጣ፤ «ሙሽራ ልታደርገው ነው በለው! ሚዜ እኔ ነኝ!»

«ሽቦ፣ አንተ አፍህን ዝጋና ያቃጠልከውን ፊውዝ ቀይር!»

«እሺ፣ እሺ፣ ምን አልኩ?» እግሮቹ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ።

ባለታክሲው ሊያረጋጋ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አባት ሳለ አጊጥ ጀምበር ሳለ ሩጥ ይባላል። በአባትሽ ስም ብትጠሪ ምን ይጎዳሻል?» አላት።

ብሎን ቱግ አለች። «በአባቴ ማጌጥ ሌላ ነው። በኔ ላብ አባቴን ማስጌጥ ሌላ ነው!»

የጋሼ ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ በግራቸው ያዙት።

«ተይ!» አሉ።

«ምን ማለቷ ነው ጋሼ?» አለ ባለታክሲው።

«ምንም። ልጅ ናት።»

ልጅ ናት። ሌላ ምንም ቢሉ ትችለው ነበር፤ እንደዚያ ብላኛለች። ቢሰድቧት፣ ሂጂ ቢሏት፣ በጥፊ ቢሏት እንኳ ትችለው ነበር። እነዚህ ሁለት ቃላት ግን አንጀቷ ውስጥ እንደ ጋለ ብረት ገቡ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ድም አድርጋ አስቀመጠች፤ ሞርሳው እስኪንቀጠቀጥ። ወጣች። እኔ በሩን ከፈትኩላት፤ ፊቷን ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

እስኪመሽ ድረስ መንገድ ለመንገድ ስትዞር ዋለች። የምታውቀው ሰው ሰላም ሲላት አልመለሰችም። ፊት ለፊቷ የሚያልፈው መኪና ሁሉ አረንጓዴ ሞተር የተሸከመ መሰላት። ስንቱ በሷ እጅ ተገጥሞ በከተማው ይዞራል! አንዱም አያውቃትም። «ልጅ ናት» እያለች ለራሷ ትደግመዋለች።

ስትመለስ ባለታክሲው ሄዷል። ጋሼም ወደ ቤት ገብተዋል። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ውስጥ ሽቦ ብቻውን እጁን ይታጠባል። ሞተሩ ከማቆሚያው ላይ ቆሟል፤ አረንጓዴ ሆኗል።

ብሎን ቀረብ አለች። መጀመሪያ ያየችው የወረዱትን የቀለም እንባዎች ነው። ጋሼ ሲቀቡ እንዲህ አይወርድም ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከላይ አየችው። ቆይታ እንደገና አየችው።

ክዳኑ የሚቀመጥበት የላይኛው ፊት አለ፤ እንደ መስታወት ለስልሶ የተሠራ። እዚያ ላይ ቀለም ከነካ ክዳኑ ልክ አይቀመጥም፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል፣ ሞተሩ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከመቀባት በፊት ፊቱ በወረቀት ይሸፈናል፣ ዳር ዳሩም ቀለም እንዳይዘው ግራሶ ይቀባል። ብሎን ገና ብሩሽ ሳትይዝ ጋሼ ያስተማሯት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ራሳቸው ጋሼ ግን ወረቀት አልሸፈኑም። በንዴት ይሁን በጥድፊያ እንጃ። እጃቸው ብሩሹን ይዞ ሲንቀጠቀጥ አረንጓዴው ፊቱ ላይ ተረጭቷል፤ አንዳንዱም ዘይት የሚያልፍበት ቀዳዳ አፍ ላይ ደርቋል።

«አይተኸዋል?» አለችው ሽቦን።

ሽቦ እጁን እያደረቀ መሬት መሬት አየ። በሕይወቱ አንድ ቀን ሳይቀልድ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። «አይቻለሁ። እሳቸውም ያዩት ይመስለኛል። ብዙ ቆመው አዩት፣ ከዚያ ሄዱ። ብሎን፣ እባክሽ ዝም በያቸው።»

«ዝም ማለት ነው እዚህ ያደረሰን» አለች።

ቤት ስትገባ እናቷ ገበታ አቅርበዋል። አባቷ ገና አልተቀመጡም፤ ጓዳ እጃቸውን ይታጠባሉ። ውሃው ብዙ ፈሰሰ።

«ልጄ፣ ሰማሁ» አሉ እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለቀለም ነው አባትሽን በሰው ፊት የተናገርሽው? ቀለም ምንድን ነው፣ ይፋቅ የለም ወይ?»

«ይፋቃል። ታዲያ እሱ ለምን የኔን አልተወልኝም?»

«ከዚያ ጋራዥ ሌላ ምን አለው? እጁን እያየሽው ነው። አረንጓዴው ከሄደ እኮ ሰው ማን ይለዋል?»

«አንቺም ታውቂያለሽ ማለት ነው» አለች ብሎን። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽቦ ያውቃል፣ በር ጠባቂው ያውቃል። ሁላችሁም ለሱ ስታዝኑ እኔን በላችሁኝ።»

ጋሼ ጓዳው በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። መጥተው ተቀመጡ። ነገር እንደማይፈልጉ ለማሳየት ዓይናቸውን ገበታው ላይ ጣሉ። ከዚያ፣

«ነገ ጠዋት ክዳኑን እናስቀምጣለን» አሉ።

«ፊቱን አይተኸዋል አባዬ?»

ጋሼ እጃቸውን እንደገና በፎጣ ጠረጉ።

«አየኸው ወይ ነው የምልህ።»

«አይቼዋለሁ።» ጥፍራቸው ዳር አረንጓዴ ቀርቷል፤ ውሃው አላስለቀቀውም። «ምን ልታደርጊ ነው? የኔን ስህተት ለባለታክሲው ልትነግሪ ነው?»

«የኔን ሥራ ማን ነገረልኝ?»

ምግቡ ቀዘቀዘ። ብሎን ተነስታ ስትሄድ ወንበሩን ረግጣ ነው የሄደችው፤ እናቷ ናቸው በኋላ የነገሩኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ገና ሳልከፍት ደርሳ አገኘኋት። ሰላም አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ቱታዋን አጠለቀች፣ ቀለም የሚያስለቅቅ ቲነርና የብረት ብሩሽ አወጣች፣ አረንጓዴውን ትፍቀው ጀመር። የላይኛውን ፊት በምላጭ ነበር የላጠችው፣ ብረቱን ሳትጭር፣ ትንፋሿን ይዛ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልላ አጸዳች። የቀረውን ግን በኃይል ፈተገችው፤ የብሩሹ ድምፅ በሩ ድረስ ጥርስ ያፋጭ ነበር። በቲነር የቀለጠው አረንጓዴ ክንዷ ላይ ፈሰሰ፣ መሬት ላይ ፈሰሰ። ብረቱ እርቃኑን ሲቀር በቤንዚን አጠበችው። ፊቱን በወረቀት ሸፈነች፣ ዳሩን ግራሶ ቀባች። ከዚያ ነጩን ጣሳ በካቻቢቴ ከፈተችው።

ጋሼ ሲመጡ ግማሹን ጨርሳለች። በሩ ውስጥ ገብተው ቆሙ። እሷ ዞር ብላ አላየችም። ወንበራቸው እዚያው ነበር፤ አልተቀመጡም።

ብዙ ሳይቆይ ባለታክሲው መጣ። «ጋሼ፣ እንዴት አደ...» ብሎ ቀረ። «ይሄ ምንድን ነው? ትናንት አረንጓዴ አልነበረም? እንደ ቤት ጣሪያ ቀለም እየቀያየራችሁ ነው የምትጫወቱብኝ?»

«የኔ ቀለም ነው» አለች ብሎን፣ ብሩሹን ሳታቆም። «የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺን አልጠየቅኩሽም። ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ነው የማውቀው። ያኛው መኪናዬ...»

«ያኛውንም እኔ ነኝ የገጠምኩት። እንደ ሕፃን ይተነፍሳል ያልከውን።» አሁን ቀና አለች። ነጩ ቀለም ጉንጯ ላይ ተረጭቷል። «ይሄን ካልፈለግክ እፈታዋለሁ። ብረትህን ቁርጥራጩን ጭነህ ትሄዳለህ። አረንጓዴ ግን አልቀባውም፤ ዛሬም፣ ሌላ ቀንም።»

ባለታክሲው ወደ ጋሼ ዞረ። «እውነት ነው?»

እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሼ ልጃቸውን አዩ፣ ሞተሩን አዩ። አንዴ ብቻ «አይደለም» ቢሉ፣ ሰውየው አምኗቸው ይሄዳል። እሷም ያን ዕለት ከዚያ በር ወጥታ አትመለስም ነበር፤ ልብሷን በከረጢት አዘጋጅታ እንደነበር በኋላ ነው ያወቅኩት።

«እሷ ናት» አሉ ጋሼ። የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር፤ በሷ ላይ ይሁን በራሳቸው ላይ አልገባኝም። «ሁለቱንም እሷ ናት። ከዚያ በፊት ያሉትንም። ብትፈልግ ውሰድ፣ ባትፈልግ ተወው!» ብለው ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገቡ፣ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።

ባለታክሲው ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው። «ነጭ ላይ ዘይት ቢያንጠባጥብ ወዲያው ይታያል እኮ» አለ በመጨረሻ፣ የሚሟገት ይመስል።

«ለዛ ነው የመረጥኩት» አለች።

ሰውየው መኪናው እስኪያልቅ ሊጠብቅ ጎማው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ብሎን ወደ ተዘጋው በር አንዴ ተመለከተች። አላመሰገነችም፣ ይቅርታም አልጠየቀች፤ ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበር። የቀረውን ግማሽ ቀብታ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነከረችና ሁለተኛውን ዙር መቀባት ጀመረች።